ፍላርም በግላይደራችን ላይ፦ ከስድስት ወር በኋላ

ጀርመን አገር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የምንጋራት ኤልኤስ4 የምትባል አሮጌ ግላይደር፣ ማለትም ሞተር የሌላት አውሮፕላን፣ አለችን። ፍላርም የሚባለውን የግጭት ማስጠንቀቂያ ያስገጠምንላት ሚያዝያ ላይ ነው። መሣሪያው ከነአንቴናው 1,700 ዩሮ፣ የባለሙያ ደግሞ 350። ለሦስት ሲካፈል 700 አይሞላም። ያም ሆኖ ተጨቃጨቅን። አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ ዓይን ምን ሠርቶ ይብላ?» አለ።

ዓይን ግን ይሸወዳል። ሊጋጭህ የሚመጣ ግላይደር መስታወቱ ላይ አይንቀሳቀስም። እንደተለጠፈ ነጥብ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ድንገት ይገዝፋል። ሁለታችሁም በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ከመጣችሁ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በ12 ሰከንድ ያልቃል።

ፍላርም ቦታውን በጂፒኤስ ያውቃል። መንገዱን አስልቶ በየሰከንዱ በሬዲዮ ይናገራል፣ የሌላውንም ይሰማል። ሁለቱ መንገዶች ሊገናኙ ከሆነ ብቻ ይጮኻል። ስዊዞቹ ሲሠሩት ያሰቡት ለግላይደር ነውና፣ አንድ ተርማል (ወደ ላይ የሚያነሳን ሞቃት አየር) ውስጥ ተጠጋግተን ስንዞር ያለምክንያት አያሳብድም። አልፎ አልፎ ግን ያሳብዳል፤ አልዋሽም።

አሁን ወደ ብስጭቴ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መሣሪያው ጭጭ አለ። እኔ ደግሞ ሰማዩ ባዶ መስሎኝ ደስ ብሎኛል። ሰኔ ላይ የበረራ መዝገቤን የመሣሪያውን የመስማት ርቀት በሚያሰላው የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። በግራ 6 ኪሎ ሜትር። በቀኝ በኩል ወደ ፊት ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! የመጀመሪያው ጩኸት 18 ሰከንድ ገደማ ሲቀር መምጣት ነበረበት፤ በዚያ በኩል ግን 12 ሰከንድም አይተርፈኝም። ለካ ገጣሚው አንቴናውን ከአንድ የብረት ሳጥን ጀርባ ሸጉጦታል። ወደ ላይ አወጣነው፤ በቀኝም 5 ኪሎ ሜትር ገባ። ይህን ሳታዩ ብር ከፍላችሁ እንዳትዝናኑ።

ሐምሌ ላይ ጮኸ። መብራቱ ቀኝን አሳየኝ። አየሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ አየሁ። የምላጭ ስለት የምታህል ነጭ መስመር፣ ክንፍ ናት። ወደ ግራ ታጠፍኩ። ማታ ሰውየውን ሜዳ ላይ አገኘሁት፤ እሱም ያየኝ የራሱ ፍላርም ሲጮህ ነው።

ያላስገጠመውን ግን አይሰማም። ነሐሴ ላይ ፓራግላይደር፣ ማለትም ፓራሹት በመሰለ ጨርቅ የሚበር ሰው፣ ከክንፌ ሥር ሲያልፍ መሣሪያው አንዲት ድምፅ አላሰማም፤ ያየሁት በዓይኔ ነው። ያ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ። ሶፍትዌሩ በየዓመቱ መታደስ ስላለበት፣ የሚቀጥለውን ሚያዝያ እድሳት በእሱ ስም መዝግበነዋል።