በበረዶ ወራት ቀለም ለምታዝዙ ወገኖቼ፦ እኚህን አባት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም

የሚመሰገን ሰው ተገኝቶ ዝም ማለት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እጽፋለሁ። በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ የምኖር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊ ነኝ። ዘንድሮ ለጥምቀት የታዘዝኩትን ሥዕል በጊዜው ጨርሼ ያስረከብኩት፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ፣ ቺካጎ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሥዕል ዕቃዎች መደብር ውስጥ ዕቃ በሚያሽጉ አንድ አባት ምክንያት ነው። የእሳቸውንም የመደብሩንም ስም እዚህ አላወጣም፤ “ስሜ አደባባይ አይውጣ” ብለው ለምነውኛል፣ ቃሌን እጠብቃለሁ። የሚፈልግ ሰው ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ለእያንዳንዱ እመልሳለሁ።

በዚህ አገር ብርድ ላልኖረ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ቀለም ማዘዝ ምን ያስቸግራል? በእኛ ከተማ በጥር ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ ከዚያም የሚብስበት ጊዜ አለ። የምንቀባበት አክሪሊክ ቀለም፣ ሸራውን የምናሰናዳበት ነጭ ቅብ፣ ሸራውን ከእንጨት የምናጣብቅበት ኮላ፣ ሁሉም ውስጣቸው ውኃ አለ። ዕቃ የሚያመላልሱት መኪኖች ደግሞ አብዛኞቹ የጭነት ክፍላቸው ማሞቂያ የለውም። ጠርሙሱ መንገድ ላይ ውሎ አድሮ፣ በመጨረሻም ደጃፍ ላይ ተጥሎ ሲገኝ ቀለምነቱ አብቅቷል። አንዳንዱ ቀለም ረግቶ ሲሟሟ ወደ ነበረበት ይመለሳል ይላሉ። የእኔ አልተመለሰም።

ያለፈው ዓመት የደረሰብኝን ሳልናገር ምስጋናዬ ሙሉ አይሆንም። ድርጅቱን ስም አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ትልቅ ነው፣ ማስታወቂያው ያምራል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ሣጥኑ የመጣው እኔ በሌለሁበት ነው፤ አመሻሽ ላይ በረንዳ ላይ አገኘሁት፤ ካርቶኑ ራሱ ሲነኩት ጣት ይቆነጥጣል። ውስጡ በአየር የተነፋ ፕላስቲክና ፍርፍር ነጭ ፎም ሞልቶታል፤ ጠርሙሶቹ ግን አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመዋል። ሰማያዊውን ከፍቼ ሳህን ላይ ስጨምቀው እንደ አይብ ተቆራርጦ ወጣ፤ ውኃው ለብቻው፣ ቀለሙ ለብቻው። የዮርዳኖስን ወንዝ የምቀባበት ቀለም ነበር።

ደወልኩ። አንዱ ለሌላው ሲያቀብለኝ ዋልኩ። ዕቃው በሰላም ደርሷል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኛ ኃላፊነት አይደለም አሉኝ። ሌላዋ ደግሞ ሙቅ ክፍል ውስጥ አቆይተሽ አማስዪው አለችኝ። አማሰልኩት። ሸራው ላይ ሲደርቅ እየተፈረፈረ በጥፍር ይነሣል። ገንዘቤ ቀረ፣ ጊዜዬ ቀረ፣ ሥዕሉም ለበዓሉ ሳይደርስ ግማሹ ባዶ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ከረመ። ሥራውን የሰጡኝ የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

የማሸጊያው ነገር ራሱን የቻለ በደል ነው። ያ ነጭ ፎም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ ምንጣፍ ውስጥ ይገባል። አንዲት ፍሬ ገና ባልደረቀ የመልአክ ክንፍ ላይ ተለጥፋ በመርፌ ጫፍ ሳነሣ አመሸሁ፤ ምልክቷ አሁንም አለ። ቢጥሉት አይበሰብስም። በከተማችን መልሶ ጥቅም ላይ ለሚውል ቆሻሻ በተሰጠን ሣጥን ውስጥም አይጣልም። ቀለሙን ከብርድ ላላዳነ ነገር ይህን ሁሉ ቆሻሻ ቤቴ ድረስ ማምጣት ምን ይባላል? ሌላ ጊዜ ከሌላ ቦታ ኮላ ባዝዝ በስስ የፕላስቲክ ፖስታ ጠቅልለው ላኩልኝ፤ በረዶ ሆኖ፣ ጠርሙሱም ተሰንጥቆ ደረሰ። ስለዚያኛው ብዙ አልልም፤ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለ ቺካጎው አባት የነገረችኝ እዚሁ ከተማችን ሻማ የምትሠራ አንዲት እህት ናት። “እሳቸው ያሸጉት ዕቃ ተበላሽቶብኝ አያውቅም” አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ማንንም የማመን ልብ አልነበረኝም፤ ግን ጥምቀት ደረሰ፣ ሌላ ምርጫም አልነበረኝም። በገና ማግስት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ትእዛዜን ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ። “ልጄ፣ ይህን ቀለም ዛሬ አልልክልሽም” የሚል ድምፅ፣ በአማርኛ። ስሜን አይተው የአገራቸው ልጅ መሆኔን አውቀዋል። ደነገጥሁ። “ጋሼ፣ ለጥምቀት የሚደርስ ሥራ ነው፤ እባክዎ ዛሬውኑ ይውጣልኝ” አልኳቸው። አልተቆጡም፣ አልተጣደፉም። “ስሚኝ ልጄ” አሉኝ፤ “ዛሬ ብልከው ቅዳሜ ሊደርስሽ ይችላል፣ ላይደርስሽም ይችላል። ካልደረሰ እስከ ሰኞ መጋዘን ውስጥ ነው የሚያድረው። የእናንተን ከተማ የአየር ትንበያ አይቼዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ብርዱ ይብሳል። ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ወስጄ አስረክበዋለሁ፣ ረቡዕ ይደርስሻል። ደጃፍሽ ላይም አይጣልም፤ ፖስታ ቤት ውስጥ አቆይተው ለአንቺው በእጅሽ እንዲሰጡሽ አደርጋለሁ። ቀለሙ ከጥምቀት በፊት ይደርሳል፣ ቀለም ሆኖ ይደርሳል።”

ይህን ንግግር ደጋግሜ ለሰው አውርቼዋለሁ፤ ዛሬም ልድገመው። ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ “አልልክም” የሚል ሻጭ ከዚህ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። ወርውሮ መገላገል ይችሉ ነበር። ቢበላሽ እንደ ሌሎቹ “ደርሷል ተብሎ ተመዝግቧል” ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በማያውቋት ሴት ከተማ የሚነፍሰውን ብርድ አይተው፣ ቀን ቆጥረው፣ ስልክ አንሥተው ደወሉ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሱፉም ወረቀቱም በኋላ የሚመጣ ነው።

ረቡዕ ጠዋት እንደገና ደወሉ። “ገብቷል፤ ሂጂና ውሰጂ። መኪናሽን አስቀድመሽ አሙቂው፣ ሣጥኑን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ከጎንሽ ወንበር ላይ አስቀምጪው” አሉኝ። ቤት ይዤው ስገባ ክዳኑ ላይ በእጃቸው የጻፏት ወረቀት ተለጥፋለች፦ “ልጄ፣ እንደገባሽ አትክፈቺው። አንድ ሌሊት ክፍሉን ይልመድ።” እጄ እየበላኝ አሳደርኩት።

በነጋታው ስከፍተው ውጩ ያገለገለ ካርቶን ነው፤ የታሸገበት ማጣበቂያ ሳይቀር ወረቀት ነው። ውስጡ በስድስቱም ጎን ወፍራም የበግ ሱፍ ለብሷል። እጄን ስሰድ የውጭውን ብርድ ጨርሶ አያውቀውም። ጠርሙሶቹ እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጠቅልለው፣ አፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ቆመዋል። በመካከላቸው የብረት ዱቄት ያለባቸው፣ አየር ሲያገኛቸው የሚሞቁ ትንንሽ ከረጢቶች ነበሩ፤ አሠራራቸውን ጋሼ አስረድተውኛል፣ እኔ ግን ለሌላ ሰው ማስረዳት አልችልም። ክፍተቱን የሞላውን ነገር ሳየው ያው የማውቀው ፎም መስሎኝ ልቤ ወድቆ ነበር። ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ኖሯል። እሑድ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼ ወሰድኩላቸውና ሳህን ውኃ ውስጥ ጨመርነው፤ ዓይናቸው እያየ ሟሟ። ከሁሉም የምታንሰው ልጅ እጇን ከትታ ስትፈልገው ቆየች።

ሰማያዊውን ቀለም ግን በዚያው ሐሙስ ጠዋት ነው የከፈትኩት። ብሩሽ ነክሬ ሸራው ጫፍ ላይ አንድ መስመር ሳብኩ። ለስላሳ፣ ድፍን፣ አንዲት ጓል የሌለበት። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ እስከ ሌሊት ሠራሁ።

ለአንድ ቀለም ይህን ያህል ምን አስለቀሰሽ የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ጎንደር ነው የተወለድኩት። በልጅነቴ እናቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትወስደኝ ከጣሪያው ላይ ወደ ታች የሚያዩኝን የመላእክት ፊቶች እያየሁ አንገቴ እስኪደክም እቆም ነበር። በእኛ ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፣ ክፉዎች በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ቀለሙም እንዲሁ የሚናገር ነው። ደብዛዛና ፍርፍር ቀለም ይዤ በዚያ ጣሪያ ላሳደገኝ ሥራ መቅረብ አልችልም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ጥምቀትን የሚያውቁት በበረዶ ላይ በካፖርትና በጓንት ታቦት ሲያጅቡ ነው፤ ቢያንስ ዮርዳኖስን በትክክለኛ ቀለሙ ይዩት። ዘንድሮ አዩት። ከተራ ሳይደርስ ሥዕሉ ተሰቀለ፤ ፎቶውን ለጋሼ ላክሁላቸው፣ “እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ” ብለው ብቻ መለሱ።

በኋላ ስለ ሱፉ ስጠይቃቸው የመንዝ ሰው መሆናቸውን ነገሩኝ። “በባና ተጠቅልሎ ያደገ ሰው ሱፍ ከብርድ እንደሚያድን አስተማሪ አያስፈልገውም” አሉኝ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ፣ በበርኖስና በባና ብርድን ሲረታ የኖረ ሕዝብ ልጅ ናቸው፤ ያንን እውቀት ይዘው ነው ቺካጎ መጋዘን ውስጥ የሚያሽጉት። መደብሩ ቀድሞ እንደ ሁሉም ፎም ይጠቀም እንደነበረ፣ ባለቤቶቹን አሳምነው ወደ ሱፍና ወረቀት ያዞሩት እሳቸው እንደሆኑ የሰማሁት ከመደብሩ ባለቤት ነው። እሳቸው ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ወገኖቼ፣ በሚኒሶታም ሆነ በሰሜን ዳኮታ፣ በዊስኮንሲንም ሆነ በኮሎራዶ ያላችሁ፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የምትሠሩ፣ ሻማና ሳሙና የምትሠሩ፣ ለልጆች የእጅ ሥራ የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ቀለምና ኮላችሁን በእሳቸው በኩል እዘዙ። ዋጋው ከትልልቆቹ ትንሽ ይጨምራል፤ ያንን ጭማሪ ሁለቴ ከመግዛት ጋር አስተያዩት። ቴክሳስና አሪዞና ያላችሁም አትለፉት፤ በሐምሌ ሙቀት ሰም ቀልጦ እንዳይደርስ በዚያው ሱፍ እያሸጉ እንደሚልኩ ሻማ ሠሪዋ እህቴ ነግራኛለች። በድጋሚ እላለሁ፣ እዘዙ፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ያለው መደብር በደንበኛ እጦት መዘጋት የለበትም።

ለፋሲካ ሥራ የተሰጣችሁ ደግሞ ከአሁኑ አስቡበት። ትእዛዛችሁን በሳምንቱ መጀመሪያ ላኩ፤ ከረቡዕ በኋላ የመጣውን ጋሼ ለሰኞ ያሳድሩታል። በፈረንጆቹ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ሦስተኛው ሰኞ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀንና በፕሬዚዳንቶች ቀን፣ ፖስታ ቤት ዝግ ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ወደ ማክሰኞ ይሻገራል። ስትደውሉ ፖስታ ቤት እንዲቆይላችሁ መፈለጋችሁን ንገሯቸው፣ መታወቂያም ይዛችሁ ሂዱ። ሱፉንና ሣጥኑን አትጣሉ፤ የመመለሻው ወረቀት ከክዳኑ ውስጠኛ ጎን ተለጥፏል፣ መልሳችሁ ስትልኩ ያስያዛችሁት ገንዘብ ይመለስላችኋል።