ሬንጀር ኮፍያ፦ የሱፍ ወይስ የአክሪሊክ?

ታኅሣሥና ጥር ላይ በማለዳ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር ሰው የጣናን ንፋስ ያውቀዋል። ጆሮ ያሳምማል። ሹራብ ኮፍያ ግድ ነው። ሬንጀር መልክ ያለውን፣ ማለትም ዥንጉርጉር የወታደር ቀለም ያለውን ከፈለጋችሁ ደግሞ ምርጫው ሁለት ነው፦ ከሰልባጅ የሚወጣው የሱፍና ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው አዲሱ አክሪሊክ። ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ውኃ ሲነካቸው ግን ይለያያሉ።

ሱፍ የበግ ፀጉር ነው። የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ውጦ እንኳ ሙቀት ይይዛል። ወታደሮች የለበሱትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደሮች ከብረት ቆባቸው ሥር የሱፍ ሹራብ ኮፍያ ያደርጉ ነበር። እሱ ግን አንድ ወጥ ቀለም ነበረው። ዥንጉርጉሩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 የፈረንሳይ ጦር ሠዓሊዎችን ሰብስቦ መድፍና ምሽግ ከጠላት ዓይን የሚሸሽግ ክፍል አቋቋመ። በ1929 ጣሊያን ዥንጉርጉር የድንኳን ሸራ አተመች። ቀለሙ ወደ ልብስ የዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለዥንጉርጉሩ ብላችሁ ብር አትጨምሩ፤ የሚያሞቀው ክሩ ነው።

አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ አያሳክክም፣ ብል አይበላውም፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል። ማታ ማታ ከተማ ውስጥ ለሚንሸራሸር ይበቃዋል። ጀልባ ላይ ማዕበል ከረጨው ግን ብርዱ ወዲያው ይሰማል። ሲቆይም ላዩ ትናንሽ የክር እንክብሎች ያወጣል።

ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ካላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ አንዲት ክር በክብሪት ለኩሱ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሆናል። ኮፍያውን ወጠር አድርጉት፤ ነጭ ከሥር ብቅ ካለ ዥንጉርጉሩ ላዩ ላይ የታተመ እንጂ በክር የተሠራ አይደለም። ሰልባጅ ከሆነ ወደ ብርሃን አንሡና ብል የበላው ቀዳዳ ፈልጉ።

እኔ የምመርጠው ሱፉን ነው፤ ያውም ወጥ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴውን። ሬንጀር የወታደር መለያ ስለሆነ ኬላ ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል። ለብርድ ተብሎ እዚያ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። የገዛችሁትን ሱፍ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ፤ ሳትጠመዝዙ ጥላ ሥር ዘርግታችሁ አድርቁት። በሙቅ ውኃ ከታጠበ ተኮማትሮ የልጅ ኮፍያ ይሆናል።