ዲሲና ማርቭል ሲገናኙ፦ የ1996ቱ ወይስ የ2003ቱ?

ዲሲና ማርቭል የተባሉት የአሜሪካ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አሳታሚዎች ጀግኖቻቸውን ያገናኙባቸው እነዚህ ሥራዎች ሁለቱም ባለ አራት ክፍል ናቸው፤ የሚለያዩት አሸናፊውን በሚወስነው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ዲሲ ቨርሰስ ማርቭል» የአምስቱን ዋና ፍልሚያዎች ውጤት የወሰነው የአንባቢ ድምፅ ነው። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል፤ ድምፅ የሚሰበስበው ተወዳጅነት እንጂ ጉልበት አይደለም። የማርቭሉ ዎልቨሪን በጉልበት የሚበልጠውን የዲሲውን ሎቦ «ሲያሸንፍ» ድብድቡ ከመጠጥ ቤት ባንኮኒ ጀርባ ያልቃል፤ እንዴት እንደጣለው አናይም። ይህ የደራሲዎቹ ሽሽት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው «ጄኤልኤ/አቬንጀርስ» (የዲሲና የማርቭል የጀግኖች ቡድኖች ስም ነው) ግን ለድምፅ አልቀረበም፤ ድርሰቱ የከርት ቡሲክ፣ ሥዕሉ የጆርጅ ፔሬዝ ነው። የዲሲው ባትማንና የማርቭሉ ካፒቴን አሜሪካ ጥቂት ተፈታትነው ያቆሙና ጉዳዩን አብረው ሊመረምሩ ይሄዳሉ። የዲሲው ሱፐርማን የማርቭሉን ቶር ሲጥል ደግሞ ምቱ ገጹ ላይ አለ። ገጸ ባሕርያቱ ስለሚበዙ ጀማሪን ያደናግራል፤ ለእሱ የ1996ቱ ይቀላል። አንዱን ብቻ የሚገዛ ግን የፔሬዝን ይያዝ።