ሁሉም ስኪ "ምርጥ" የሆነበት መጽሄት

ከፍዬ የማነበው አንድ የኦንላይን የስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተት) መጽሄት ሰሞኑን ለአንባቢዎቹ መጠይቅ ልኮ ነበር፣ "አስተያየታችሁን እንፈልጋለን" ምናምን የሚል። ከፈትኩት፣ ዲዛይኑ ስንት ኮከብ፣ ኒውስሌተሩ ስንት ኮከብ፣ አፑ ስንት ኮከብ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ ሁለት አረፍተ ነገር የማትይዝ ሳጥን አለች። እኔ ያለኝ ነገር በዛች ሳጥን አይገባም፣ ስለዚህ እዚህ ዘርግፌው ልገላገል። ስሙን አልጠራም፣ የዚህ አይነት መጽሄት የምታነቡ ሰዎች ከዚህ በታች የምለውን በሌሎቹም ላይ ሳታዩት አትቀሩም።

ጥሩውን ላስቀድም፣ እውነትም ጥሩ ስለሆነ። ከፒስት (ከተዘጋጀው የመንሸራተቻ መስመር) ውጪ ስለመንሸራተትና ስለ በረዶ ናዳ የሚጽፉት ነገር አለ፣ ለእሱ ብቻ ቢያስከፍሉኝም እከፍላለሁ። የሚጽፉት ሰዎች ተራራ ላይ የዋሉ መሆናቸው ያስታውቃል። ለምሳሌ የናዳ አደጋ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው አይደል፣ ብዙ ሰው ጠዋት 3 የሚል ሲያይ "ያው መሀል ላይ ነው፣ ይሄን ያህልም አይደል" ብሎ ይወጣል። እነሱ ይሄን ይዘው አንድ ረጅም ጽሁፍ ሰሩበት፣ ደረጃው በአንድ ሲጨምር አደጋው እኩል እኩል እንደማይጨምር፣ ከ2 ወደ 3 ሲሻገር ነገሩ ጭራሽ እንደሚለወጥ፣ ብዙ ሰው የሚሞተው ደግሞ በ5 ሳይሆን በ3 እንደሆነ፣ ለምን ቢባል 4 እና 5 ሲሆን ሰው ይፈራል፣ ብዙ ቦታም ይዘጋል፣ 3 ሲሆን ግን ሰማዩ ጠርቶ አዲስ በረዶ ተኝቶ እያየህ ማን ቁጭ ይላል። ይሄንን ሳያስፈራሩ ሳይሰብኩ አስረዱት።

ስለ ተዳፋት የጻፉትም እንደዛው ነው። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከቤት ሳትወጣ ካርታ ላይ ተዳፋቱን አንብብ ይላሉ፣ ግን እዛ ላይ አያቆሙም፣ አንተ ራስህ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ብትሆንም ከበላይህ ያለው ሊመጣብህ እንደሚችል ይጨምሩበታል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ነፋስ በረዶውን ከአንዱ ጎን ጠርጎ ሌላው ጎን ላይ እንደሚከምረውና ከስሩ ደካማ ሽፋን ካለ ያ የተከመረው በአንድ ሰው ክብደት ተሰንጥቆ በሙሉ ሊሄድ እንደሚችል በስዕል አሳይተዋል። ስለ ቢከን (ናዳ የቀበረውን ሰው ለመፈለግ ሁሉም የሚይዘው ምልክት ላኪና ተቀባይ መሳሪያ) ሲጽፉ ደግሞ የየትኛውም ብራንድ ቢሆን ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሰራ እርስ በርስ ይፈላለጋል፣ ስለዚህ በብራንድ መጨቃጨቁን ትታችሁ ልምምዱን አስቡ ብለው ቁጭ። ስልክህን ቢከኑ ሲልክ ከ20 ሴንቲሜትር፣ ፍለጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ አርቀው የምትለዋን ነገር እኔ ያገኘኋት እነሱ ጋ ነው። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ካልወጣ ዕድሉ በጣም ፈጥኖ እንደሚወርድ ይጽፉና ወዲያው "ይሄን ጽሁፍ ማንበብ ኮርስ መውሰድ አይደለም" ይላሉ። የራሳቸውን ጽሁፍ ልክ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ባሉበት ቤት ነው የእቃ ሪቪው ክፍሉ እንደዛ የሆነው። እኔ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የስኪ ሪቪዎቻቸውን ተራ በተራ ክፈቷቸው። ከ10 ውስጥ 8 ያላገኘ ስኪ የለም። ሁሉም "የተረጋጋ" ነው፣ ሁሉም "ተጫዋች" ነው፣ ሁሉም "በማንኛውም በረዶ ላይ የሚያኮራ" ነው። የመሀሉ ስፋት 104 ሚሊሜትር የሆነ ሰፊ ስኪ አቅርበው "ጠንካራ ፒስት ላይም እንደ ካርቪንግ ስኪ ይነክሳል" (በጠርዙ እየቆረጠ እንደሚታጠፈው ጠባብ ስኪ ማለት ነው) ይሉሃል፣ ዝቅ ስትል መሀሉ 72 የሆነውን ደግሞ "ፓውደር ላይ በሚገርም ሁኔታ ይንሳፈፋል" (ለስላሳ አዲስ በረዶ ላይ ማለት ነው) ይሉታል። ኧረ ባካችሁ። ሰፊ ስኪ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ጊዜ ይወስድበታል፣ ጠንካራ በረዶ ላይ ደግሞ ጉልበትህ ላይ ጫና ያመጣል፣ ጠባቡ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል፣ ይሄ የማንም ብራንድ ጥፋት አይደለም፣ እቃው የተሰራበት ነገር ነው። ማንኛውም ስኪ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ሰጥቷል። ሪቪው የሚያነብ ሰው የሚፈልገው ምን እንደሰጠ ማወቅ ነው፣ ምን እንዳገኘማ ካታሎጉም ይነግረዋል።

የሞከረው ሰው ማን ነው? እሱም አይታወቅም። 60 ኪሎ የሆነች ሴትና 95 ኪሎ የሆነ ሰው አንድ ስኪ ላይ ቢወጡ ሁለት የተለያየ ስኪ ነው የሚያወሩላችሁ፣ ለአንዷ ድርቅ ያለው ለሌላው ልፍስፍስ ነው። ስንት ሴንቲሜትር ርዝመት ሞከሩ፣ በምን አይነት በረዶ፣ ጠዋት በደረቀው ነው ከሰዓት በሟሟው፣ ጠርዙ በስንት ዲግሪ ተስሎ ነበር፣ አንዱም የለም። ጠርዝ እኮ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንዱን ስኪ አንዴ 87 ዲግሪ አስለህ አንዴ ደግሞ በደንብ ሳይሳል ሞክረው፣ ያው ስኪ መሆኑን ትጠራጠራለህ። እነሱ ግን ውብ ፎቶ አላቸው፣ ጸሀይ ከኋላ፣ በረዶው እየተበተነ፣ ከስሩ "አሁኑኑ ይግዙ" የሚል ቁልፍ።

ቁልፉን እኔ አልቃወምም፣ በትንሽ ፊደልም ቢሆን ከሽያጩ ኮሚሽን እንደሚያገኙ ጽፈዋል፣ መጽሄትም ከአየር ላይ አይኖርም። ግን እስካሁን "ይሄን አትግዙት" የሚል አንድ አረፍተ ነገር አላየሁባቸውም። ተጠይቀውም መልሰዋል፣ "ያልወደድነውን አናወጣም፣ ቦታ የምንሰጠው ለወደድነው ነው" ነው መልሳቸው። ሲሰሙት ያስማማል፣ ቆይተህ ስታስበው ግን አይሰራም፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ ላይ የሌለው ስኪ ተሞክሮ ስላልተወደደ ይሁን፣ ኩባንያው ስላልላከላቸው ይሁን፣ ጊዜ ስላጡ ይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? ዝምታው ምንም አይነግረኝም። የጠሉትን ስም አንስተው ለምን እንደጠሉት ቢነግሩኝ እኮ የወደዱትንም አምናቸው ነበር።

ቡት (የስኪ ጫማ) ላይ ደግሞ ይብሳል፣ እና ቡት ላይ መባሱ ነው የሚያናድደኝ። ስኪው የተሳሳተ ከሆነ ቀኑ ትንሽ ይደብራል፣ ቡቱ የተሳሳተ ከሆነ ግን ቀን የሚባል ነገር የለም፣ ሊፍት ላይ ቁጭ ብለህ መቆለፊያውን እየፈታህ ነው የምትውለው። የእነሱ የቡት ዝርዝር በፍሌክስ (ቡቱ ምን ያህል ድርቅ እንደሚል በሚያሳየው) ቁጥር ነው የተደረደረው፣ 130፣ 120፣ 110 እያለ ይወርዳል፣ የአንዱ ኩባንያ 120 ከሌላው ኩባንያ 120 ጋር አንድ እንደሆነ አድርገው። አይደለም! ለፍሌክስ ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ የለም፣ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ልክ ነው ቁጥሩን የሚጽፈው፣ አንዳንዴ የአንዱ 110 ከሌላው 120 ይጠነክራል። ይሄን አንድ መስመር ቢጽፉት ምናለ።

መጻፍ የነበረበት ሌላው ነገር ልኩ ነው። የስኪ ቡት ቁጥር የእግርህ ርዝመት በሴንቲሜትር ነው፣ 26.5 ማለት በቃ ሀያ ስድስት ከግማሽ ሴንቲሜትር ነው፣ የጫማ ቁጥርህን ወደዚህ መቀየሪያ ሰንጠረዥ አይተህ ከገዛህ ብዙ ጊዜ የሚሰፋ ነው የምትይዘው። 26 እና 26.5 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውጪው ፕላስቲክ አንድ ነው፣ ስለዚህ "ግማሽ ቁጥር ልጨምር" ብሎ መጨነቅ ብዙም ዋጋ የለውም። ከዛ ስፋቱ አለ፣ 98 ሚሊሜትር ጠባብ ነው፣ 100 መሀከለኛ፣ 102 ሰፋ ያለ። በጣም ቀላሉ ሙከራ የውስጡን ለስላሳ ክፍል አውጥተህ ባዶው ፕላስቲክ ውስጥ እግርህን ማስገባት ነው፣ ጣትህን ፊት ለፊት አስነክተህ ከተረከዝህ ኋላ ያለውን ክፍተት ታያለህ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ከሆነ ጥሩ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ሰውየው ምንም ቢያወራ ዝቅ ያለ ቁጥር ጠይቅ። ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መጽሄቱ ውስጥ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ፣ ግን የቡቱ ገጽ ላይ የምታገኘው "ዘመናዊ መልክና ወደር የለሽ ምቾት" ነው። አንድ ቡት ለሁሉም እግር ምቹ አይሆንም ጎበዝ!

ሌላው በጣም የማይመቸኝ ድሮ የጻፉትን ቀኑን ብቻ ቀይረው መልሰው ማውጣታቸው ነው። ላዩ ላይ የዘንድሮ ቀን አለ፣ "ታድሷል" ይላል፣ ውስጡ ሲገባ ግን ያው አሮጌው ነው። የስኪ ሰም አቀባብ መመሪያቸውን አየሁት፣ አሁንም ለውድድር ፍሎር (ስኪው እንዲፈጥን የሚጨመር ኬሚካል) ያለበትን ሰም ምረጡ ይላል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን እኮ ከ2023-24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ፍሎር ያለበትን ሰም በውድድር ላይ ከልክሏል፣ ስኪው ላይ ከተገኘ ከውድድር ትሰረዛለህ፣ ነገሩ የመጣውም ኬሚካሉ አፈርና ውሃ ውስጥ ገብቶ አልጠፋ ስላለና ለጤናም ስለሚያሳስብ ነው። ልጁን ወደ ውድድር የሚልክ ወላጅ ይሄን መመሪያ አምኖ ቢቀባለትስ?

ቁጥር ላይም ይንሸራተታሉ። ኦስትሪያ ኪትዝቡኸል ላይ ስላለው ስትራይፍ ስለሚባለው የዳውንሂል (የቁልቁል ፍጥነት ውድድር) መስመር ሲጽፉ ከመነሻው ቀጥሎ ያለችውን ማውዘፋለ የምትባለዋን ቦታ "85 ዲግሪ" ብለው አረፉት። 85 በመቶ ነው እንጂ! 100 በመቶ ማለት 45 ዲግሪ ነው፣ 85 በመቶ ደግሞ ወደ 40 ዲግሪ ነው፣ እሱም ራሱ ቆመህ ወደታች ስታየው ሆድህን ያገላብጠዋል፣ 85 ዲግሪ ቢሆን ግን ግድግዳ ነው፣ ስኪውን ትተህ ገመድ ይዘህ ና። አርታኢ የሚባል ሰው ካለ ይሄ ማለፍ አልነበረበትም።

ለጀማሪዎች የሚጽፉትም ላይ የፒስት ቀለም ጉዳይ አለ፣ የመስመሩ ክብደት በቀለም ነው የሚለየው። "በሰማያዊ ጀምሩ" ይላሉ፣ የት? ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ ሰማያዊ ማለት ቀላሉ ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ከሱ በታች አረንጓዴ አለ፣ ሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሰማያዊ ካሬ ማለት መሀከለኛ ነው፣ ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። መጽሄቱ አንባቢው ከሁሉም አገር ነው ብሎ ይመካል፣ እንደዛ ከሆነ ይሄን መለየት አለበት።

የውድድር ዘገባው አሪፍ ነው፣ ብዙ የምለው የለኝም። አሜሪካዊቷ ተወዳዳሪ ሽፍሪን በ2023 የስዊድናዊውን ስቴንማርክን 86 የዓለም ዋንጫ ድል ስታልፍም፣ በ2025 ጣሊያን ሴስትሪየሬ ላይ 100ኛዋን ስታሸንፍም የጻፉት ቁጥር ብቻ አልነበረም፣ ስላሎም (በዘንጎች መሀል እየተጠማዘዙ መውረድ) ላይ ምን ስለምታደርግ እንደምትፈጥን ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 30 የወጡት በሁለተኛው ዙር ለምን ተገልብጠው (30ኛው ቀድሞ) እንደሚነሱ፣ መጨረሻ የሚወርደው መሪ ለምን የተቦረቦረ መስመር ላይ እንደሚወርድ ያስረዱበት ጽሁፍ ደግሞ ስኪ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይገባዋል። ብቻ እባካችሁ ኖቲፊኬሽኑ ላይ የአሸናፊውን ስም አትጻፉ። ማታ ተረጋግቼ አየዋለሁ ያልኩትን ዳውንሂል ስልኬ ቀድሞ ይነግረኛል፣ ማጥፊያውም አፑ ውስጥ የት እንደተደበቀ እነሱ ይወቁት። ለሚከፍል ሰው ማስታወቂያ መምጣቱና ራሱ የሚጀምረው ቪዲዮ ደግሞ ያው የታወቀ ነው፣ አልደግመውም።

አንድ የቀረችኝ የበረዶ ሪፖርቷ ናት፣ እሷን ለአዘጋጆቹ በቀጥታ ልበል። እያንዳንዱ ሪዞርት አጠገብ አንድ የሴንቲሜትር ቁጥር ታስቀምጣላችሁ፣ 140 ይላል፣ የት ነው 140 የሆነው? ጫፉ ላይ ነው ወይስ ሊፍቱ የሚነሳበት ታች? ታች ሳር እየታየ ላይ 140 ሊሆን ይችላል እኮ። ቁጥሩን የላከላችሁ ሪዞርቱ ራሱ ከሆነ "ከሪዞርቱ የተገኘ" በሉ፣ የተለካበትን ከፍታና ሰዓት ጻፉ፣ በበረዶ መስሪያ መድፍ የተረጨውንና ከሰማይ የወረደውን ለዩልን፣ ጉዞ የምናቅደው በዚህ ቁጥር ነው።