ቦሂሚያንስ ወይስ ሻምሮክ ሮቨርስ?

የአየርላንድ ዋና ከተማ የደብሊን ሁለቱ ባላንጣ የእግር ኳስ ክለቦች ብዙም አይመሳሰሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በዕድሜ ቦሂሚያንስ ይበልጣል። የተመሠረተው በ1890 ሲሆን፣ ከ1901 ጀምሮ ሜዳው ዳሊማውንት ፓርክ ነው። እስከ 1969 ድረስ ለተጫዋቾቹ ደሞዝ አይከፍልም ነበር። ዛሬም የክለቡ ባለቤቶች አባላቱ ናቸው። በነገራችን ላይ፣ ቦብ ማርሌ በ1980 ደብሊን ሲመጣ የዘፈነው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

በዋንጫ ግን ሮቨርስን የሚያህል የለም። ከ20 በላይ የሊግ ዋንጫ አለው፤ ቦሂሚያንስ ያለው 11 ነው። ለእኔ ግን ልብ የሚነካው የሜዳው ታሪክ ነው። በ1987 የያኔዎቹ ባለቤቶች ሚልታውን ሰፈር የነበረውን የክለቡን ሜዳ ለቀቁ። ደጋፊው ተቃወመ፣ አልሆነም። ቦታው ተሽጦ ቤት ተሠራበት። ሮቨርስም ለ22 ዓመት ከሰው ሜዳ ሰው ሜዳ ተንከራተተ። ይባስ ብሎ የቦሂሚያንስን ዳሊማውንት ሳይቀር ተከራይቶ ተጫውቷል! ባላንጣህ ቤት በኪራይ መኖር ማለት እኮ ነው።

በ2005 ደጋፊዎቹ ክለቡን ከኪሳራ አተረፉት። በ2009 ታላ ስታዲየም ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤልግሬድ ድረስ ሄዶ የሰርቢያውን ክለብ ፓርቲዛንን አሸነፈና የዩሮፓ ሊግ ምድብ የገባ የመጀመሪያው የአየርላንድ ክለብ ሆነ።