ለማንኮራፋት የቱ ይገዛ? ፕላስተር፣ የአፍ መያዣ ወይስ ሲፓፕ

"ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ለማንኮራፋት ምን ላስመጣ?" ይሉኛል ሰዎች። ዕቃው ብዙ ነው፤ ማስታወቂያውም እንደዚያው። ግን አንዱን ሰው ያስተኛ ዕቃ ለሌላው ምንም ላይሠራ ይችላል። ሁሉም የሚወሰነው የአየሩ መተላለፊያ የት ላይ እንደሚጠብ ነው፤ አፍንጫ ላይ ወይስ ጉሮሮ ላይ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል? ከዚያ እንደታፈነ ሰው ተንፈራግጣችሁ ትነቃላችሁ? ብቻችሁን የምትተኙ ከሆነ ስልካችሁ ድምፅ ይቅዳ። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ እየተቋረጠ የሚመለስ ከሆነ ነገሩ ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ አልወርድ ያለ የደም ግፊት ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ ነው።

ርካሹ የአፍንጫ ፕላስተር ነው። ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የሚለጠጥ ነገር አለው፤ አፍንጫ ላይ ሲለጠፍ ቀዳዳውን ከውጭ ይከፍታል። ይጠቅማችሁ እንደሆነ በነፃ መሞከር ይቻላል። ከአፍንጫችሁ አጠገብ ያለውን ጉንጭ በጣት ወደ ጎን ሳብ አድርጉት። ትንፋሽ ወዲያው ከቀለለ ፕላስተሩ ሊረዳችሁ ይችላል። ለውጥ ከሌለ ብራችሁን አስቀምጡ። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ከፕላስተሩ ይልቅ በጨው ውሃ መታጠብና ሐኪም የሚያዝለት የአፍንጫ ስፕሬይ ይሻለዋል። አፍንጫን በደቂቃ የሚከፍቱ የጉንፋን ጠብታዎችን ለቀናት አታዘውትሩ። ሲቆሙ አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ይዘጋል።

ችግሩ ጉሮሮ ላይ ከሆነ የአፍ መያዣው ይበልጣል። የታችኛውን መንጋጋ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ይይዛል፤ ምላስም አብሮ ስለሚመጣ ጉሮሮ ይከፈታል። ሙከራው ይኸው፦ ነቅታችሁ የማንኮራፋት ድምፅ አውጡ፤ ከዚያ መንጋጋችሁን ወደ ፊት ገፍታችሁ ድገሙት። ድምፁ ከቀነሰ ተስፋ አለው። ኦንላይን የሚሸጠው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲነከስ የጥርስን ቅርጽ የሚይዘው ነው። የጥርስ ሐኪም ለክቶ የሚያሠራው በጣም ውድ ነው፤ ግን በሚሊሜትር ይስተካከላል፣ ብዙም አይወልቅም። እኔ ርካሹን የምመክረው ለመሞከሪያ ብቻ ነው። ሁለቱም ምራቅ ያበዛሉ፣ ጠዋት መንጋጋ ያሳምማሉ፣ በዓመታት ውስጥም የጥርስን አገጣጠም ሊቀይሩ ይችላሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው፣ ጥርሱ የሚነቃነቅ ወይም የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይግዛ።

ሲፓፕ አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በአውሮፓውያኑ 1981 ለዓለም ያስተዋወቀው መሣሪያ ነው። በጭምብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይከደን ያደርጋል። ለከባድ አፕኒያ ከእሱ የሚስተካከል የለም፤ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ማንኮራፋቱን ያቆማል። ለተራ ማንኮራፋት ግን ከልክ ያለፈ ወጪ ነው። ብዙዎች የሚተዉት በጭምብሉ ምክንያት ስለሆነ ከማሽኑ በላይ ጭምብሉን መርጣችሁ ግዙ። አፍንጫ ብቻ የሚሸፍን አለ፣ አፍንጫና አፍ የሚሸፍንም አለ፤ በአፋችሁ የምትተነፍሱ ከሆነ ሁለተኛው ነው የሚሆነው።

አሜሪካ ውስጥ ሲፓፕ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። ስለዚህ ዘመድ ሱቅ ገብቶ የሚያነሳው ዕቃ አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ ከመጣም ማሽኑ በ220 ቮልት መሥራቱን ዕዩ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ በየጊዜው የሚቀየር ፊልተርና ጭምብልም ታስቦበት ይምጣ። ያገለገለ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። አምራቹ ፊሊፕስ በአውሮፓውያኑ 2021 ውስጡ ያለው ስፖንጅ እየፈረሰ በመሆኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖች እንዲመለሱ ጠርቶ ነበር። በዚያ ላይ የአየር ግፊቱ ለሌላ ሰው የተስተካከለ ሊሆን ይችላል።

በጀርባው ሲተኛ ብቻ የሚያንኮራፋ ሰው ይህን ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል። ፒጃማው ጀርባ ላይ የቴኒስ ኳስ መስፋት ወይም በጎን የሚያስተኛ ትራስ መግዛት ይበቃው ይሆናል። ማታ መጠጥ መተውና ክብደት መቀነስም ከብዙ ዕቃ በላይ ይሠራሉ። አፍን በፕላስተር መዝጋትን ግን አልመክርም፤ አፍንጫው የተደፈነ ወይም አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ አደገኛ ነው።

ልጅ ሲያንኮራፋ "እንጥሉ ይቆረጥ" የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ለሞት የሚዳርግበትም ጊዜ አለ። ልጆች ላይ ብዙውን ጊዜ አየሩን የሚዘጋው ያበጠ ቶንሲል ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባል ዕጢ ነው። እሱን አይቶ የሚወስነው የአንገት በላይ ሐኪም ነው። ለልጅ ከላይ ካሉት ዕቃዎች አንዱንም ሐኪም ሳያይ አትግዙ።