ጎፋ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ለምትፈልጉ፣ እኔም የምስጋና ዕዳዬን ልወጣ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህን ጽሑፍ ለመለጠፍ ሦስት ሳምንት ሳመነታ ቆይቻለሁ። ሰውየው ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም። ላመሰግን ስሞክር "የተከፈለኝን ሥራ ነው የሠራሁት፣ ምን ጉድ ተገኘና ነው?" ብለው ተቆጥተውኛል። ስለዚህ ስማቸውን አልጠራም፣ ፎቶም አልለጥፍም። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ግን ሆዴ እምቢ አለኝ።

ለማታውቁኝ፦ ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ ወላጅ አብሯቸው የሌለ የስደተኛ ልጆች የሚያድጉበት ቤት እንመራለን። አሁን 11 ናቸው። አምስቱ በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ በመተማ በኩል የገቡ ኤርትራውያን ናቸው፤ እዚያው ካርቱም ተወልደው ስላደጉ ከትግርኛው ይልቅ ዓረብኛው ይቀናቸዋል። አራቱ ትግራይ ውስጥ የነበሩት የኤርትራውያን መጠለያዎች በጦርነቱ ሲበተኑ ከሰው ጋር አዲስ አበባ የደረሱ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ከጋምቤላ፣ ከኩሌ መጠለያ የመጡ የደቡብ ሱዳን ወንድማማቾች ናቸው፤ ታላቁ ለሕክምና ሲመጣ ታናሹ አልለይም ብሎ አብሮ ቀረ።

"እንመራለን" ስል እኔና ሁለት ሞግዚቶች ብቻ አይደለንም፤ መንደሩ ነው የሚመራው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ የሚጋግሩልን ጎረቤት አሉ። ማታ ማታ የተረፈውን ዳቦ የሚልክልን ዳቦ ቤት አለ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ፊደል ያስቆጥራሉ። በረመዳን ማዶ ካለው ቤት ሾርባና ሳምቡሳ ይመጣል፤ በሁዳዴ ደግሞ ሽሮው ከየት ከየት እንደሚመጣ እኔም ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዕድራችንም የድንኳኑን ወንበርና ብረት ድስት ያውሰናል፣ በየወሩም ከሳጥኑ ትንሽ ይወረውርልናል። ይሄ ሲወሰን "ዕድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው" ብለው የተቃወሙ ነበሩ። አንዲት እናት ተነሱና "ታዲያ ልጆቹ እስኪሞቱ እንጠብቅ?" አሉ። ስብሰባው እዚያው ላይ አለቀ።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ 1110 ስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደ ሀገሬው ልጅ እንዲማር ይፈቅዳል። የከተማው አስተዳደርም ከ2012 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር ያድላል፣ ምሳም አለ። እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ የእኛ ልጆች መስከረምን ጠብቀው አይሰደዱም። ወረቀታቸው አልቆ ትምህርት ቤት የገቡት ኅዳር ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕደላው ካለቀ ቆይቷል። ዩኒፎርም የሌለው ልጅ ደግሞ ከስልሳ ተማሪ መሃል ተለይቶ ይታያል። አዲስ መሆኑ፣ ቋንቋው፣ የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ሳያንሰው ልብሱም ይጠቁምበታል። ማሰፋት ግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላማርር ፍቀዱልኝ።

የመጀመሪያው ሰፊ ቀብድ ተቀበለን፣ "ለሰኞ" አለን። ሰኞ ሄድን፣ ዝግ። ማክሰኞም ዝግ። በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ ሞባይል ጥገና ሆኖ ጠበቀን። ቀብዱ የዕድሩ ገንዘብ ነበር፤ ለሰብሳቢያችን ምን ብዬ እንደተናገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው ሰፋ፣ አልዋሽም። ግን ሁሉንም በሁለት ልክ ቆርጦ አመጣው፦ "ትልቅ" እና "ትንሽ"። የጋምቤላው ታላቅየው ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሱሪው ቅልጥሙ ላይ ቀረ። የስድስት ዓመቷ ልጅ ጉርድ ቀሚስ ደግሞ በሁለት መርፌ ቁልፍ ተይዞም ይወርዳል። በሳምንቱ የአንዱ ሱሪ መቀመጫው ላይ ተተርትሮ ልጁ ሹራቡን ወገቡ ላይ አስሮ መጣ። ልነግረው ስሄድ ቀና ብሎም አላየኝ። "የዕርዳታ ልጆች አይደሉ እንዴ? ምን ያማርጣሉ?" አለኝ። እዚያው ቆሜ መልስ አጣሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ነው መልሱ ሁሉ የመጣልኝ፤ ያኔ ምን ያደርጋል።

ከዚያ የተዘጋጀ ልብስ ገዛን፣ ቀለሙ ትንሽ ሳተ፣ ዘበኛው ሁለቱን ከበር መለሰብን። አንድ ደግ ነኝ ባይም ሁለት ከረጢት ልብስ አምጥተው ነበር፤ ልጆቹ ተሰልፈው ፎቶ ካልተነሱ አላወርድም አሉ። ከረጢቱን ይዘው ተመለሱ። ይበላቸው።

እኔን ይሄ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ሱዳን ስገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኡም ራኩባ መጠለያ ውስጥ የደረሰኝ ልብስ የአዋቂ ሰው ካፖርት ነበር። በገዳሪፍ ሙቀት፣ ካፖርት! እናቴ እጅጌውን አራት ጊዜ ጠቅልላ አለበሰችኝ። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አንገትጌው ላይ በክር የተጻፈ የሌላ ሰው ስም ግን እስካሁን ይታየኛል።

እንግዲህ ቀብድ ተበልቼ፣ ተሰድቤ፣ ጨርቅ ለመግዛት ጎፋ ገበያ ስዞር አንዲት ጎመን ሻጭ ናት "እዚያ ጥግ ያሉትን ሽማግሌ አይተሻቸዋል?" ያለችኝ። አንድ ሰውና አንድ ሲንጀር መኪና ብቻ የሚይዝ ሱቅ ነው። ነገሩን ስነግራቸው "ልጆቹን አምጪያቸው" አሉ። ልካቸውን በወረቀት ይዤ ነበር፤ ሳያዩት መለሱልኝ።

"ጋሼ፣ 11 ናቸው እኮ። በሁለት በሦስት ልክ ቢወጣ አይቀልም?"

"ልጄ፣ አንቺ ከእህትሽ ጋር በአንድ ጫማ ትሄጃለሽ?"

"በልጅነቴ ሄጃለሁ።"

ከት ብለው ሳቁ። "እንግዲያው ታውቂዋለሽ" አሉኝ።

በነጋታው ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። አንድ በአንድ አስገቧቸው፤ እኛን ውጭ በርጩማ ላይ አስቀመጡን። እያንዳንዱን ይጠይቁታል፦ ኪሱ በቀኝ ይሁን በግራ? ሱሪው ጠበብ ይበል ሰፋ? ያቺ የስድስት ዓመቷ "ኪስ ሁለት" አለች፤ ሁለት ተጻፈላት። ለካ እሳቸው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ዓመታት ሠርተዋል። "ተዓል ያ ወለድ!" (ና አንተ ልጅ!) ሲሉ የካርቱሞቹ ልጆች ፊት እንዴት እንደበራ ብታዩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ "ዓሞ" (አጎቴ) አሏቸው፤ ይኸው ዛሬም በቤታችን ስማቸው "ዓሞ ሰፊው" ነው፣ እኔም ተለማምጄዋለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

ከወንዶቹ ትንሹ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። ከመጣ ጀምሮ ቀኝ እጁን አይከፍትም። ጨብጦ ይተኛል፣ ጨብጦ ይነሳል። ውስጡ በፌስታል የተጠቀለለች ወረቀት እንዳለች እናውቃለን፤ ተኝቶ ሳለ ጫፏ ወጥታ አይቻታለሁ፣ 249 ብሎ የሚጀምር የሱዳን ስልክ ቁጥር ናት። የአክስቱ ነው አሉን አብረውት የመጡት። ደውለናል፣ አይነሳም፣ አሁንም በየሳምንቱ እንደውላለን። ወረቀቷን ግን ለማንም አይሰጥም። ገላውን ሲታጠብ ወደ ግራ እጁ ያዛውራታል። ሲበላም በግራው ነው፤ ሌሎቹ ልጆች "በግራ ይበላል" እያሉ ሲያሾፉበት ገበታ ጥሎ የሚነሳበት ቀን ብዙ ነበር።

ተራው ሲደርስ እኔ ቀድሜ "እጅህን ክፈትላቸው" ልል አፌን ስከፍት፣ ዓሞ በቅንድባቸው ዝም አሰኙኝ። የሜትሩን ጫፍ ለልጁ ግራ እጅ ሰጡት። "ያዝልኝ፣ ዛሬ ረዳት የለኝም" አሉት በዓረብኛ። እሱ ያዘ፣ እሳቸው ከትከሻው ጀምረው ለኩ፤ አንጓው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የተጨበጠችውን እጅ አልነኩም፣ "ምን ይዘሃል?" አላሉም። ልኩን ጽፈው "ሹክረን ያ ኡስታዝ" (አመሰግናለሁ ጌታው) አሉና ሸኙት።

በአምስተኛው ቀን፣ በቀጠሯቸው ዕለት (ቀጠሮ የሚያከብር ሰፊ! እንደገና ልጻፈው፦ በቀጠሯቸው ዕለት) ልብሱን ልንወስድ ሄድን። ሁሉም ተተኩሶ፣ ታጥፎ፣ በየልጁ ተለይቷል። የትንሹን ሸሚዝ ግን ራሳቸው ዘረጉት። ከውስጥ በኩል፣ በግራ ደረቱ ላይ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ኪስ አለች። ቁልፍም አላት። ከውጭ ብታዩት ምንም የለም። ልጁ አየና ቀና ብሎ እሳቸውን አየ። ዓሞ ምንም ሳይናገሩ ኮታቸውን ገለጥ አድርገው የራሳቸውን የውስጥ ኪስ አሳዩት፣ መታ መታ አደረጉት።

ልጁ ሸሚዙን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቁልፏን ሲታገል ትንሽ ቆየ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነው። መዳፉ ነጥቷል፣ ተጨማዷል፣ ብዙ ውሃ ውስጥ የቆየ ይመስላል።

ያን ዕለት ማታ በቀኝ እጁ እንጀራ ቆረሰ። ሞግዚቷ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ወጡን የማማስል መስዬ ተከተልኳት።

ወገኖቼ፣ እኔ ስለ ስፌት የማውቀው ነገር የለም። ጠርዙን በምን እንደሚጠልፉት፣ ምን ዓይነት ክር እንደሚጠቀሙ ብትጠይቁኝ ባዶ ነኝ። የማውቀው ዓመት ሙሉ አንድም ስፌት አለመፈታቱን ነው፤ እነዚህ ልጆች በሱሪያቸው አስፋልት ላይ የሚንሸራተቱ መሆናቸውን አስታውሱ። ከሱሪውና ከእጅጌው ውስጥ ደግሞ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ትተዋል። ልጅ ሲያድግ ይዤው እሄዳለሁ፣ ቁጭ ብለው ይለቁለታል። የጋምቤላው ልጅ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተለቆለታል፤ "ይሄን ልጅ ምንድነው የምታበይው?" ይሉኛል።

በነፃ የሠሩልን እንዳይመስላችሁ። ጨርቁን በገዙበት፣ የእጃቸውን ቀንሰው ግን አስከፍለውናል። ዕድራችን ይህን ሲሰማ "ለምን በነፃ አይሠሩም?" ያለ ነበር፤ ጉዳዩን ሳነሳባቸው "በነፃ ከሠራሁ ልጆቹ ደንበኛ መሆናቸው ቀረ" አሉኝ። ደረሰኝም ሳልጠይቅ ይሰጡኛል። የሰው ገንዘብ ይዞ የሚያድር፣ በየዓመቱ ሪፖርት የሚያስገባ ሰው ብቻ ነው የደረሰኝን ጣዕም የሚያውቀው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የልጅ ዩኒፎርም ያላችሁ፣ መጋረጃ፣ አንሶላ፣ የሠርግ ሱፍ የምታሳጥሩ፣ ሂዱላቸው። ትምህርት ቤት የምትመሩ ካላችሁማ በጅምላ ሂዱላቸው። ከነሐሴ በፊት ብትሄዱ ነው የሚሻለው፤ መስከረም ሲቃረብ ወረፋው አይቻልም፣ እሳቸውም ረዳት አይቀጥሩም (በዚህ ላይ ስንት ጊዜ ተከራክሬያቸዋለሁ፣ ግትር ናቸው)። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሶላት ላይ ስለሆኑ አታገኟቸውም። "ቶሎ በሉ" አትበሏቸው፣ መቀሱን ያስቀምጣሉ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

ስትሄዱ "የመብራት ኃይል ልጆች ናቸው የላኩን" በሏቸው። መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ከዚያ ሻይ ያዛሉ።